ያልተጣመረ ንባብ

ማንበብ በጥንቃቄ ካልተያዘ ልጅን ሊያስተምር እንደሚችል አስቀድሞ የተረዳ ትምህርት ቤት ቢኖር የእኛ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣናን ተንተርሶ የተሠራ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ትሕትናው አይፈቅድለትም። እኔ እዚያ ሒሳብ አስተምራለሁ። አብዛኛውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ያዩት ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ ሳይነገርለት ቢቀር በትውልድ ዘንድ ያስወቅሳልና የሆነውን ሁሉ እንደ ሆነው እተርካለሁ።

ነገሩ የተጀመረው የመጽሐፍ ካርቶን የጫነ መኪና ወደ ግቢያችን የገባ ዕለት ነው። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለልጆች የተዘጋጁ የዕውቀት መጻሕፍት ልኮልን ነበር። ተረት አይደሉም፤ ስለ እውነተኛው ዓለም በቀላል አማርኛ የሚያስረዱ፣ ሥዕላቸው ያማረ መጻሕፍት ናቸው። አንዱ ስለ ዓሣ፣ አንዱ ስለ ዝናብ፣ አንዱ ስለ ሰው አጥንት፣ አንዱ ስለ ጉማሬ ያወራል። በየመጽሐፉ ጀርባ ደግሞ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አራት ማዕዘን ምልክት ታትሞበታል። ምልክቱን በስልክ ካሜራ ያነሡት እንደሆነ መጽሐፉ የሚያወራለት ነገር በኢንተርኔት በቪዲዮ ይመጣል ተብሏል። የጉማሬውን መጽሐፍ የያዘ ልጅ ጉማሬ ሲያዛጋ ያያል ማለት ነው።

ካርቶኖቹ ገና ከመራገፋቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከበቧቸው። መምህርታቸው ወለላም አንዱን ካርቶን ከፍታ ታድላቸው ጀመር። ወለላ የዱርቤቴ ልጅ ናት፤ ስታስተምር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ልጆቹ ግን የሚሰሟት ዓይነት መምህርት። ክንዱ ከሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ተጋብታ ገና ጥቂት ወሯ ነበር። ልጆቹ መጽሐፋቸውን እየያዙ በየዛፉ ሥር ተበታተኑ፤ ብዙም ሳይቆይ ግቢው እረጭ አለ። ልጆች ሳይገረፉና ማንም ሳይቆጣቸው ጸጥ ሲሉ ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ይህ ያልተለመደ ጸጥታ ያስደነገጣቸው ርእሰ መምህራችን አቶ ሣህሉ ከቢሯቸው ወጡ። በእጃቸው ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ማብራሪያ ይዘዋል። ማብራሪያው መጻሕፍቱ ከኢንተርኔት ግብዓታቸው ጋር ተጣምረው ሲቀርቡ የተማሪዎችን ግንዛቤ ይጨምራሉ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን አንብቦ ያልፈው ነበር። አቶ ሣህሉ ግን ነገር የሚያብላሉ ሰው ናቸው። ተጣምረው ሲቀርቡ ግንዛቤ የሚጨምሩ ከሆነ ሳይጣመሩ ሲቀርቡ የነበረውንም ይቀንሳሉ ማለት ነው ሲሉ አስረዱን። የሒሳብ መምህር ነኝና መቃወም ይገባኝ ነበር፤ ስሌቱ ግን ከደረጃዬ በላይ ሆነብኝ።

ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለውም። ስለዚህ መጻሕፍቱ ከልጆቹ እጅ ባስቸኳይ እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ርሆቦት የምትባል ልጅ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ሲሰጥም አፍንጫውን ምን እንደሚያደርግ የሚናገረው ገጽ ላይ ደርሳ ነበር፤ ገጹን ሳትገልጠው መጽሐፉ ተወሰደባት። እስቲ ያችን ብቻ ልጨርስ ብላ ብትለምን፣ አቶ ሣህሉ ግማሽ ዕውቀት ከድንቁርና ይከፋል ብለው መከሯትና ግማሽ ላይ ትተዋት ሄዱ። መጻሕፍቱም ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው፣ እግራቸው ከተሰበረ ዴስኮች ጋር ተቆለፈባቸው።

ወዲያው የመጽሐፍና የድረ ገጽ ጥምረት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አቶ ሣህሉ ሆኑ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ይህን ሲሰማ እጅግ ደስ ብሎት አቶ ፍሬ ስብሐት የተባሉ ባለሙያ መደበልን። አቶ ፍሬ ስብሐት የጥምረት ባለሙያ ናቸው። ምን ከምን እንደሚያጣምሩ ብንጠይቃቸው እሱ እንደየፕሮጀክቱ ይለያያል አሉን። እሳቸውም ሥራቸውን በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ዐውደ ጥናት በመጥራት ጀመሩ።

የዚያን ቀን ንግግራቸው ዛሬም ትዝ ይለኛል። የአካባቢያችን ሕፃን ጉማሬን በክፍሉ ተቀምጦ፣ በስክሪን፣ በጥራት የማየት መብት አለው ሲሉ ብዙዎቻችን ማስታወሻ ያዝን። ይህን እየተናገሩ ሳለ ከሆቴሉ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገሉ ጥግ፣ አንድ ጉማሬ ከነግልገሉ ብቅ አለ። ተሰብሳቢው ወንበሩን እየገፋ ስልኩን አውጥቶ ወደ በረንዳው ነጎደ። አቶ ፍሬ ስብሐት በትዕግሥት ጠበቁ፤ ሰው አልመለስ ሲላቸው ግን ጉማሬው ስለ ጉማሬ የሚሰጠውን ሥልጠና እያወከ በመሆኑ መጋረጃው እንዲዘጋ አስተናጋጁን አዘዙ። ተዘጋ። ሥልጠናው በተሳካ ሁኔታ ቀጠለ።

ስንበተን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ ለናሙና ታደለን። ሙቀት ነበርና አብዛኞቻችን አራገብንበት። ወለላ ግን የጉማሬው መጽሐፍ ደርሷት ኖሮ እዚያው ባጃጅ ስትጠብቅ አንብባ ጨረሰችው። በማግስቱም አቶ ሣህሉ ቢሮ ገባች፤ እኔም ለሌላ ጉዳይ እዚያው ነበርሁ።

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ ልጆቹ ያንብቡ። ቪዲዮውን ሲመጣ ያዩታል» አለቻቸው።

«አንቺ ያገባሽ ሴት አይደለሽም እንዴ? ሙሽራው በሌለበት ሠርግ ይደገሳል?»

«ሠርግ አይደለም እኮ ጋሼ፤ ንባብ ነው።»

«ጥምረት ጥምረት ነው፤ የተጣመረ አይለያይም» አሉና እንደሚባርክ ሊቀ ካህናት እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ወለላ እጅ ነሥታ ወጣች። ሲታይ የተስማማች ይመስል ነበር። በሳምንቱ ግን ልጆቿን አሰልፋ ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ዋርካ ወሰደቻቸውና ያችኑ አንዲት ናሙና እየተቀባበሉ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረገች። ርሆቦት ያቋረጠችው ገጽ ላይ ደረሱ። ጉማሬ ሲሰጥም አፍንጫውንና ጆሮውን እንደ በር ይዘጋል ይላል መጽሐፉ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ሐይቁ ውስጥ፣ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ውኃው ላይ ይታዩ ነበር። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ቀዳዳዎቹ ተዘጉ፤ ውኃውም ገጠመ። ከልጆቹ አንዱ ጉማሬው ትንፋሹን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ለማወቅ የራሱን አፍንጫ ይዞ ፊቱ እስኪቀላ ቆየ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ማስተማር በዚህ ዓይነት ልቅነት የተካሄደበት ቀን በትምህርት ቤታችን ታሪክ የለም።

ነገሩ ሳይሰማ አልቀረም። ወለላ ያልተጣመረ ንባብ በመፈጸም ተከሳ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ለምስክርነት የተጠሩት የርሆቦት አያት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐይቁ ደሴቶች ገዳማት ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ሲሆኑ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አቶ ሣህሉ ልጅቱ ቤት ገብታ ምን እንዳለች ጠየቋቸው።

«ጉማሬ ውኃ ሲገባ አፍንጫውንና ጆሮውን ይዘጋል አለችኝ። እንደ ከብት ሣር በል ነው አለችኝ። ከጣና ሳልርቅ ሸምግዬ ይህን አላውቅም ነበር።»

«ይህን ያወቀችው በቪዲዮ ነው ወይስ ያለ ቪዲዮ?»

«እኔ ምን አውቄ። እውነት ነው ወይስ ሐሰት ነው?»

«የኔታ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም» አሉ አቶ ፍሬ ስብሐት።

 መሪጌታ ባደጉበት የአብነት ትምህርት ቤት ንባብ እንደሚቀድም፣ ዜማውና ትርጓሜው በየጊዜያቸው እንደሚከተሉ፣ ትርጓሜው ገና አልደረሰም ተብሎ ንባብ የተከለከለ ተማሪ ግን አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ኮሚቴው ስለ ሰጡት ታሪካዊ አስተያየት አመስግኖ ሸኛቸው።

ውሳኔውም ተነበበ። ወለላ የጥምረትን መርሕ በመጣሷ ደቅ ደሴት ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ትዛወር ተባለ። ወለላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። ባለቤቷ የፋብሪካ ሠራተኛ እንደሆነ፣ ከሥራው ተነሥቶ ሊከተላት እንደማይችል፣ ጎጆ ከወጡ ገና ዓመት እንዳልሞላቸው ተናገረች። ሌላ ቅጣት ስጡኝ፣ ደመወዜን ቁረጡ፣ ብቻ ከቤቴ አትለዩኝ አለች። አቶ ሣህሉ ኮሚቴው የግል ጉዳይ ውስጥ እንደማይገባ በትሕትና ገለጡላት። መጽሐፍን ከድረ ገጹ መለየት ነውር ነው ብሎ ወር ሙሉ የተሰበሰበው ኮሚቴ፣ ሚስትን ከባሏ ለይቶ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ተነሣ።

ወደቡ ድረስ ሸኘኋት። ክንዱ ፍራሿን ተሸክሞ ጀልባው ላይ አስቀመጠና ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ወለላ ከጀልባው ሆና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ክንዱ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ጀልባው ከዓይን ሲርቅ ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«መምህር፣ እኔ ኢንተርኔት ብሆን ኖሮ ይለዩን ነበር?»



ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤታችን ወደ ላቀ ምዕራፍ ተሸጋገረ። ኢንተርኔቱ ገባ። አንድ ትልቅ ስክሪን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም አበባ ተደረደረ። ጥምረቱ በይፋ የሚመረቅበት ቀን ተቆርጦ ከበላይ መሥሪያ ቤቱ እንግዶች መጡ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ፊታቸው ቅባት ተቀብቶ፣ ዩኒፎርማቸው ታጥቦ ከፊት ተደረደሩ። አቶ ሣህሉ እንደሚታወቀው ብለው ማንም የማያውቀውን ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ከዚያም የጉማሬውን መጽሐፍ እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ስልካቸውን ከምልክቱ ፊት ደቀኑ። ስልኩ ከስክሪኑ ጋር ተገናኝቷል። 

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ኳስ የሚያንከባልል ተጫዋች ታየ። ከሱ በታች የክለቦች ስምና ቁጥር ተደረደረ። የስፖርት ቤቲንግ ነው።

ኋላ እንደ ሰማነው፣ ድረ ገጹን ያቋቋመው ድርጅት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የድረ ገጹን ስም ምዝገባ ሳያድስ በመቅረቱ አንድ አቋማሪ ድርጅት ወስዶታል። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ጥምረቱ ስንሰበሰብ አንድም ቀን ምልክቱን አንሥቶ ያየ ሰው አልነበረም። አቶ ሣህሉ ግን ለእንዲህ ያለ ሰዓት የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ለአፍታ እንኳ ሳይደነግጡ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«ይህ የሒሳቡ ክፍል ነው። ሕፃናት ፕሮባብሊቲን ከሕይወታቸው ጋር አገናኝተው ይማሩበታል።»

እንግዶቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አንደኛው እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ምልክቱን ለግሉ አነሣ። ርሆቦት እጇን አውጥታ ጉማሬው የታለ ብላ ጠየቀች። አቶ ፍሬ ስብሐት ጉማሬው ገና እየጫነ ነው አሏት። ዋናው እንግዳ ልጅቱን ወደዷትና ስክሪኑ ላይ ያለውን እንድታነብላቸው ጠየቋት።

«ዛሬ ተጫወቱ፣ ነገ ክበሩ» ብላ አንዲት ፊደል ሳትስት አነበበች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ዋናው እንግዳ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የንባብ ለውጥ አይተው እንደማያውቁ መስክረው ለትምህርት ቤቱ የምስጋና ምስክር ወረቀት ሰጡ። ልጅቱን ማንበብ ያስተማረቻት ወለላ መሆኗን የሚናገር ሰው አልነበረም፤ መናገር የምትችለውም ደቅ ናት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኮሚቴው ዝግ ስብሰባ ተቀመጠ። የመጻሕፍቱ ምልክት በሙሉ የሚወስደው ወደዚያው ወደ ቁማሩ ነበር። እኔ እንግዲህ ቪዲዮው ከሌለ መጽሐፎቹን ለልጆቹ እንስጣቸው ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ሐሳቤ በጨዋነት ተዘለለ። አጣማሪ የሌለው መጽሐፍ አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ስለሆነ መወገድ እንዳለበት ተወሰነ። የት ይወገድ የሚለው አከራከረ። ማቃጠል ለስም አይመችም፤ ለሱቅ መጠቅለያ መስጠትም ያሳማል። በመጨረሻ አቶ ፍሬ ስብሐት ነገሩን ፈቱት። ምልክቱን በስልክ የሚያነሣ ሰው በሌለበት፣ ኔትወርክ በማይያዝበት ቦታ ቢጣሉ ልጆች ወደ ቁማር አይገቡም አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ካርቶኖቹ ደቅ ሲደርሱ ወለላ ቆሻሻ የተላከላት መስሏት ነበር፤ ደብዳቤው እንደዚያ ይላልና። ከፍታ ስታያቸው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነሥታ ማደል ጀመረች። በዚያ ደሴት ላይ የተፈጸመውን ያልተጣመረ ንባብ መዘርዘር ያሳፍራል። የዓሣውን መጽሐፍ ያነበቡ ልጆች ከአጥማጅ አባቶቻቸው ጋር እየተከራከሩ ያመሹ ጀመር፤ አባቶቹም መጽሐፉን ለመርታት ሲሉ ልጆቻቸውን አንብብልኝ ይሏቸዋል። ስለ አጥንት የሚያወራው ከመጣ ወዲያ ደግሞ ጎኑ የማይዳሰስ፣ አከርካሪው የማይቆጠር ሽማግሌ አልቀረም። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ሳይቀሩ ስለ ዝናብ የሚያወራውን ተውሰው ወሰዱና ለመመለስ ዘገዩ።

ክረምቱ ሲገባ ክንዱ ከፋብሪካው ተሰናብቶ ደቅ ገባ። መረብ መጣል ከአጥማጆቹ ተማረ። መጀመሪያ ዓሣው ሲስቅበት ሰነበተ፤ ኋላ ግን ተላመዱ።

በዓመቱ የበላይ መሥሪያ ቤቱ የየትምህርት ቤቱን ልጆች የማንበብ ችሎታ ፈተነ። ደቅ ሁሉንም በልጦ ተገኘ። የእኛም ትምህርት ቤት ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር ቀዳሚ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና የደቅ ውጤት ምክንያት እንዲጠና ታዘዘ። ጥናቱን እንዲመሩ አቶ ፍሬ ስብሐትና አቶ ሣህሉ ተመረጡ። ጥናት ቁጥር አያጣምና እኔም ተጨመርሁ።

ጀልባችን ደቅ ስትጠጋ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ ገመዳችንን ያዘልን። ክንዱ ነው። አየኝ፤ አየሁት። አቶ ሣህሉ እጁን ተደግፈው ወረዱና ተባረክ አሉት። ወለላ ክፍሏን አሳየችን፤ ልጆቹ አነበቡልን፤ አንዷ ልጅ የአቶ ፍሬ ስብሐትን የክርን አጥንት በስሙ ጠራችላቸው። ከዚያ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጥንና ያው ክንዱ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበልን። ጥናቱን እየበላን ጀመርነው። ደቅ ከእኛ ትምህርት ቤት በምን ይለያል የሚለው ነበር ጥያቄው።

«ኢንተርኔት የላቸውም» አልሁ እኔ።

«ይህ አይጻፍም። ኢንተርኔት ይግባ ብለን የጠየቅነው እኛው ነን» አሉ አቶ ፍሬ ስብሐት።

«መጽሐፉን ሳያጣምሩ ያነባሉ።»

«እሱማ ጭራሽ አይጻፍም። የእኔ የሥራ መደብ ምን ሊባል ነው?»

«መምህርቷ ጎበዝ ናት።»

«በዲሲፕሊን የተቀጣች ናት» አሉ አቶ ሣህሉ።

 ሌላ ልዩነት ጠፋ። አቶ ሣህሉ የዓሣውን እሾህ ከጥርሳቸው እያወጡ ወደ ሐይቁ ተመለከቱ።

«ባሏ አብሯት የለም» አሉ።

አቶ ፍሬ ስብሐት ብዕራቸውን አነሡ። ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ ማንንም መሥሪያ ቤት አይነካም፤ ወጪም የለውም። ክንዱ በዚያች ቅጽበት እጅ ሊያስታጥባቸው ማንቆርቆሪያ ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ እጄን ታጠብሁ።

ጥናቱ «የመምህራን ከትዳር አጋር መለየት ለሕፃናት የማንበብ ችሎታ ያለው አስተዋፅኦ» በሚል ርእስ ታትሞ ወጣ፤ ከወጡትም ጥናቶች ሁሉ ባጭር ጊዜ ተግባራዊ የሆነ እሱ ብቻ ነው። መምህራን ከባሎቻቸውና ከሚስቶቻቸው ርቀው እንዲመደቡ መመሪያ ተላለፈ። እኔ ላጤ በመሆኔ አስቀድሞ የተለየ ተብዬ በቦታዬ ጸናሁ። አቶ ፍሬ ስብሐትም ባለሙያ እንጂ መምህር ስላልሆኑ መመሪያው አልነካቸውም። ሥራው አርአያ ከሚሆን አመራር ይጀመር ሲባል ግን ግኝቱን ካገኙት ሰው የተሻለ አርአያ አልተገኘም።

አቶ ሣህሉ የዝውውር ደብዳቤያቸው ሲደርሳቸው የጽሕፈት ስሕተት መስሏቸው ነበር። የበላይ መሥሪያ ቤቱን ለመኑ፤ ጎጆ የመሠረቱት በወጣትነታቸው እንደሆነ፣ ከወይዘሮ ሙሉነሽ ተለይተው አድረው እንደማያውቁ፣ ሰው እንደ ዕቃ ከቤቱ ተነቅሎ እንደማይጣል አስረዱ። የተቀበሏቸው ሹም ጥናቱን አገላብጠው በራሳቸው በአቶ ሣህሉ ፊርማ ላይ ጣታቸውን አሳረፉላቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ በበኩላቸው መመሪያውን በጸጋ ተቀበሉ፤ ሻንጣውን የሸከፉት ባላቸው ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ ነው ይባላል።

የተመደቡት ደቅ ነው። ውጤታማነቷ የተመሰከረላት ወለላ እዚያ ርእሰ መምህርት ሆናለች። እንደ ደረሱ ጋሼ እንኳን ደህና መጡ ብላ ተቀበለቻቸው፤ ክንዱም ፍራሻቸውን ከጀልባ ተሸክሞ አወጣላቸው። የወለላ ባል መሆኑን ያኔ አወቁ። ረጅም ሰዓት ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

የሚከተለውን የነገረኝ ክንዱ ነው። አቶ ሣህሉ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስልካቸውን ወደ ሰማይ እያነሡ በደሴቲቱ ሲዞሩ ሰነበቱ። ኔትወርክ የለም፤ ስብሰባ የለም፤ ወይዘሮ ሙሉነሽም የሉም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የሚሠሩት ሲያጡ፣ ከክፍሉ መደርደሪያ የጉማሬውን መጽሐፍ አንሥተው ሾላው ሥር ተቀመጡ። ገጹን ገለጡ። ሌላውንም ገለጡ። ለምሳ ቢጠሯቸው እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። ከዚያ ስለ ዓሣው፣ ከዚያ ስለ አጥንቱ አነበቡ። ሳያስቡት የራሳቸውን ጎን ዳሰሱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወለላ ወዳለችበት መጡ። መጻሕፍቱን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ቁጣም ይታይባቸዋል።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያን ሁሉ ጊዜ ከልጆች የደበቀው ማን ነው?» አሏት።

ወለላ ፊታቸውን አየች። የእውነት ነው የጠየቋት።

«ኮሚቴ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው።

አቶ ሣህሉ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኮሚቴማ አገር ያጠፋል» አሉ።